ከሐኪም ጋራ ሥር፦ የእርስ በርስ ጦርነትና የባዕድ ሰው ዓይን

ከሐረር በስተደቡብ ሐኪም ጋራ አለ። ከጀጎል ግንብ ወጥቶ ሽቅብ ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም። በጋራው ላይ የአው ሐኪም መቃብር ስላለ ሰው ለዚያራ ይወጣል፤ እረኛም ከብቱን ያሰማራበታል። ከላይ ሆነን ቁልቁል ስንመለከት የከተማው ግንብ፣ የመስጊዶቹ ሚናራዎች፣ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ ከግንቡ ውጭ የተስፋፋው አዲሱ ከተማ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። አንድ ነገር ግን አይገኝም። ከጋራ ላይ የሚያይ ሰው ጣራውን ሁሉ ያያል እንጂ ከጣራው ሥር የሚባለውን አይሰማም።

በሰው አገር የሚኖር እንግዳም እንዲሁ ነው። ብዙ ያያል፤ ብዙ ደግሞ ያመልጠዋል። የሚኖርበት አገር ሕዝብ እርስ በርሱ ሲዋጋ አይቶ ያየውን ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ እኛም ከብዙ ዓመት በኋላ ብናነበው፣ ምኑን እንመን? ምኑንስ እንጠይቅ? ይህን ጥያቄ ይዘን በ1909 ዓ.ም. የሆነውን አንድ ታሪክ እንመረምራለን። ታሪኩ አንዱ ጫፉ ሐረር ነው፤ መሐሉ ሸዋ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ወሎ ይደርሳል። በዚህ ንባብ ያለው ዓመት ሁሉ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. ብለን እናመለክታለን።

የእርስ በርስ ጦርነት ምንድን ነው?

ጦርነት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት እስከ ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ያ ጦርነት የሁለት መንግሥታት ጦርነት ነው። ድንበር አለው፤ ወዲህ ያለውና ወዲያ ያለው ይለያል።

የእርስ በርስ ጦርነት ግን ሌላ ነው። የአንድ አገር ሰዎች፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ሰዎች፣ ሁለት ወገን ሆነው ይዋጋሉ። ገዳይና ሟች በአንድ ቋንቋ ይሰዳደባሉ፤ በአንድ ቋንቋ ምሕረት ይለምናሉ። ጦርነቱ ሲያልቅም አሸናፊውና ተሸናፊው በአንድ ገበያ መገናኘታቸው አይቀርም። የዚህ ጦርነት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የውጭ ጠላት ተሸንፎ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ የእርስ በርስ ጦርነት ቂም ግን እዚያው ቤት ያድራል።

በ1909 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት እንደዚህ ያለ ነበር። ለዚህ አንድ ማስረጃ ይበቃናል። በአንድ ወገን የቆሙት ተፈሪ መኰንን ነበሩ። በሌላው ወገን ጦር ይዘው የመጡት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ነበሩ። የተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። እንግዲህ ተፈሪ የተዋጉት ከባለቤታቸው አያት ጋር ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ እርስ በርስ ምን አለ?

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ አልጋው የልጅ ልጃቸው የልጅ ኢያሱ ሆነ። ልጅ ኢያሱ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ገና 20 ዓመት አልሞላም ነበር። ዘውድም አልጫኑም።

ልጅ ኢያሱ በአዲስ አበባ ብዙ አይቀመጡም ነበር። ወደ አፋር፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ሶማሌ አገር ይመላለሱ ነበር። ከእስላም ባላባቶች ጋር ተወዳጁ፤ ተጋቡም። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱትም። «ሃይማኖቱን ለወጠ» እያሉ ከሰሷቸው። ዛሬ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ነገር አንድ ሐሳብ የላቸውም። ብዙዎቹ ልጅ ኢያሱ እስላሙን ሕዝብ ወደ መንግሥቱ ማቅረብ ፈልገው እንደነበረ ይጽፋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አካሄዳቸው ጥንቃቄ የጎደለው እንደነበረ ያነሳሉ።

ሌላም ምክንያት ነበረ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በአንድ ወገን፣ ጀርመንና ቱርክ በሌላ ወገን ሆነው ይዋጉ ነበር። በኢትዮጵያ ዙሪያ ያለውን የባሕር ዳርቻ የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ናቸው። እነዚህ መንግሥታት ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያደላሉ፣ በሶማሌ አገር እንግሊዝን ይዋጉ ከነበሩት ከሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ጋርም ይረዳዳሉ ብለው ይሠጉ ነበር።

በ1908 ዓ.ም. ክረምት ልጅ ኢያሱ ተፈሪን ከሐረር ገዥነት ሻሩና ወደ ከፋ መደቧቸው። ሐረር የተፈሪ አባት የራስ መኰንን አገር ነበረችና ነገሩ ከባድ ሆነ። ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ሐረር ገቡ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ የሦስቱ መንግሥታት ወኪሎች አዲስ አበባ ላይ አቤቱታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ከዚያ ብዙም አልቆየም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከቃለ መሐላቸው ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የጦሩን ነገር የያዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው።

በሐረር የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች

ያን ጊዜ ሐረር ባዶ የገጠር ከተማ አልነበረችም። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ቡናውና ቆዳው በዚያ በኩል ይወጣል፤ ጨርቁና ሌላው ሸቀጥ ይገባል። ስለዚህ በከተማው የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች ነበሩ። ዛሬ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጠራው ያማረ የእንጨት ቤት እንኳ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1883 ዓ.ም. ታሞ ከሐረር የወጣ ስለሆነ ቤቱ ስሙን ያገኘው ከሱ በኋላ ነው።

ከውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ሐረርን አብዝቶ ያወቀ ቢኖር ሞንሴኘር ዣሮሶ ነው። የአገሩ ሰው «አባ እንድርያስ» ይላቸዋል። ፈረንሳዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ናቸው። በወጣትነታቸው መጥተው ከ50 ዓመት በላይ በዚህ አገር ኖሩ። በ1892 ዓ.ም. ጳጳስ ሆኑ። ራስ መኰንንን ያውቁ ነበር፤ ተፈሪ ልጅ ሳሉም በትምህርታቸው ረድተዋል። ሚሲዮናቸው ከከተማው ውጭ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ነበረው።

እንግዲህ የመስከረሙ ወሬ ሐረር ሲደርስ እነዚህ ሰዎች ምን ይሆናሉ? ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል። ሚሲዮናዊው በሩን ይዘጋና ይጸልያል። ቆንስሉ ወደ አለቆቹ ይጽፋል። ሁሉም ግን አንድ ነገር አላቸው፦ መውጫ በር። ድሬዳዋ ላይ ባቡር ቆሟል፤ ባቡሩ ጅቡቲ ያደርሳል፤ ከጅቡቲ መርከብ አለ። መውጣት ያልፈለገም ቢሆን የመንግሥቱ ባንዲራ ይከልለዋል።

የሐረር ሰውስ? እሱ መውጫ የለውም። ቤቱ እዚያው ነው፤ እርሻው ኤረር ነው፤ የአባቱ መቃብር እዚያው ነው። ባቡሩ ለሱ አልቆመም።

የልጅ ኢያሱ መሻር በሐረር ሲሰማ ትልቅ ክፉ ነገር ሆነ። በከተማው የነበሩ ወታደሮች ሶማሌዎችን አጠቁ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ሟቾቹ አብዛኞቹ ጦር ያልያዙ ናቸው። ልጅ ኢያሱ ወዳጅ ናቸው ስለተባለ ብቻ ሕዝቡ የሳቸውን ዕዳ ከፈለ። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚባለው ይህ ነው። ልጅ ኢያሱ ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር ሚኤሶ ላይ ተገትቶ ተመለሰ። እሳቸውም ሐረርን ለቀው ወደ አፋር በረሃ ሄዱ።

በአዲስ አበባ፦ ሚኒስትሩ፣ ሕፃኑና የ6 ዓመቱ ልጅ

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። በከተማው ምሥራቅ በኩል የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ነበረ። ሌጋሲዮን ማለት ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የመንግሥት መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበሩት ካፒቴን ቴሲጀር ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ ከባለቤታቸው ጋር እዚያ ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ዊልፍሬድ የተወለደው እዚያው ግቢ ውስጥ በግንቦት 1902 ዓ.ም. ነው። ሌጋሲዮኑ ያን ጊዜ ገና የጭቃና የሣር ጎጆዎች ነበሩት። ልጁ የአገሩን ወተት ጠጥቶ፣ በአገሩ ፈረስ ተቀምጦ አደገ። ጦርነቱ ሲመጣ የ6 ዓመት ልጅ ነበር።

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን መሻር እንደሰሙ ክተት ብለው ከደሴ ወደ ሸዋ ተነሱ። ጦራቸው እስከ 80,000 ይገመታል። የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ከ11,000 ያህል ሰው ጋር መንገድ ሊዘጉ ወጡ። በጥቅምት መጀመሪያ ቶራ መስክ በሚባል ቦታ ተገናኙና ራስ ልዑልሰገድ ከነጦራቸው አለቁ። ወሬው አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው ተሸበረ።

በዚህ ጊዜ ራስ ተፈሪ አንድ ነገር አደረጉ። ገና 3 ወር የሆነውን ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ላኩት። ከተማው ቢያዝ ሕፃኑ ከባዕድ ባንዲራ ሥር ይተርፋል ብለው ነው። ሚኒስትሩና ባለቤታቸው ሕፃኑን ተቀብለው ከልጆቻቸው ጋር አኖሩት።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። አባት ልጁን ሊያስጥል የሚሄደው ወደ ዘመድ ነው። ይህ ሕፃን ግን ዘመዱ ማነው? የሚመጣው ጦር አዝማች የእናቱ አያት ናቸው! ዘመድ ከዘመድ በተጣላበት ቀን መሸሸጊያው የባዕድ ቤት ሆነ። የእርስ በርስ ጦርነት ምን እንደሆነ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ያስረዳል።

ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ። ለአልጋ ወራሹ ልጅ የተከፈተው በር ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። በዚያ ቀን በአዲስ አበባ ስንት እናት የ3 ወር ሕፃን ታቅፋ የምትገባበት አጥታ ይሆን?

ሰገሌ

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብልኅ የጦር ሰው ነበሩ። ለንጉሥ ሚካኤል የወዳጅነት ደብዳቤ እየላኩ አዘገዩአቸው ይባላል። በዚያ መካከል ከየአገሩ ጦር ደረሰላቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ሰገሌ በሚባለው ሜዳ ሁለቱ ጦር ተገናኘ። ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ ልክ አንድ ወር ሆኖ ነበር። በሁለቱም ወገን መትረየስና መድፍ ነበረ። በሁለቱም ወገን አድዋ ላይ በአንድነት የተዋጉ አዛውንቶች ነበሩ። አድዋ ከሆነ ገና 20 ዓመቱ ነው። በዚያን ጊዜ ወሎና ሸዋ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሰገሌ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ።

ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ ሊደርሱላቸው አልቻሉም።

የጃን ሜዳው ሰልፍ

ጥቅምት 23 ቀን አሸናፊው ጦር ጃን ሜዳ ላይ ሰልፍ አሳየ። ንግሥት ዘውዲቱ በድንኳን ተቀምጠው ተመለከቱ። የውጭ አገር መልእክተኞችም ተጠርተው ነበር። ሚኒስትሩ ቴሲጀር ልጆቻቸውን ይዘው መጡ።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያን ቀን ያየውን ከ71 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ተርኮታል። እንደሱ አነጋገር ጦሩ እንደ ጎርፍ ነበር። ነጋሪት ይመታል፤ መለከት ይነፋል፤ የአንበሳ ጎፈር ያደረገ፣ ካባ የለበሰ፣ ጋሻ የያዘ ፈረሰኛ እየጋለበ ከንግሥቲቱ ፊት ደርሶ ይፎክራል። ከሱ ብዙም የማይበልጥ አንድ ልጅ ሁለት ሰው ገደለ ተብሎ በሰው ትከሻ ተሸክመውት ሲያልፍ አይቷል። በመጨረሻ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው፣ ለመገዛታቸው ምልክት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ።

ያ ሰልፍ ከልጁ ልብ አልወጣም። አድጎ በየበረሃው የሚዞር ዝነኛ መንገደኛ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን፣ ከሰልፉ ልክ በ14 ዓመቱ፣ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ተጋብዞ መጣ። በኋላም የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር አገር አለፈ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት በጎጃም በኩል ከገባው ጦር ጋር ነበረ። የሞተው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ሁሉ ፍቅሩ ምክንያቱ የጃን ሜዳው ቀን መሆኑን ራሱ ጽፏል።

ምስክርን እንዴት እንመዝናለን?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከነዚህ የውጭ አገር ሰዎች የምንማረው አለ፤ የምንጠነቀቅበትም አለ። ማንኛውንም ምስክርነት ስናነብ አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ምስክሩ የቆመው የት ነው? ልጁ ዊልፍሬድ የቆመው ከአሸናፊው ወገን፣ ከንግሥቲቱ ድንኳን አጠገብ ነው። ያየው ፉከራውን ነው። ሰገሌ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ወሎ ቤተሰቡ «መቼ ይመለስ ይሆን» እያለ ሲጠብቅ አላየም። ያየው ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ሁለት ሰው የገደለው ያ ሕፃን ማታ ሲተኛ ምን አለም ይሆን? ይህን የጻፈ የለም።

ሁለተኛ፣ ምስክሩ ምን ጥቅም አለው? ሚኒስትሩ ቴሲጀር ለመንግሥታቸው የሚጽፉ ሹም ነበሩ። የሚያመለክቱት መንግሥት ልጅ ኢያሱን አይወድም፤ አቤቱታ ካቀረቡት ሦስት መንግሥታት አንዱ ነው። ስለዚህ ሚኒስትሩ ዳር ቆሞ ተመልካች አልነበሩም። ሕፃን ማስጠለላቸው ደግ ሥራ ነው። ግን ሕፃኑ የማን ልጅ እንደሆነ አይዘነጋም። ደግነትና የመንግሥት ጉዳይ በአንድ ቤት ሊያድሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የተጻፈው መቼ ነው? በ6 ዓመት የታየ ነገር በ77 ዓመት ሲጻፍ ይጠራል፤ ይሳላል፤ ያሸበርቃልም። ትዝታ እንደ ገል አይደለም፣ አንዴ ተጠብሶ አይቀመጥም፤ በየጊዜው ይለወጣል። በዚያው ሰሞን የተጻፈ ደብዳቤ ካለ ከትዝታው ጋር ማስተያየት ይገባል።

አራተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ የሌለው ማነው? ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ስለ ጃን ሜዳ ሰልፍ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተጽፏል። በሐረር ስለተገደሉት ሶማሌዎች ግን ከልጆቻቸው እጅ የወጣ መጽሐፍ ስንት አይተናል? አባ እንድርያስ በሐረር ከ50 ዓመት በላይ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ከንግሥናው በዓል በኋላ ሐረር ድረስ ሄዶ አነጋግሯቸው ነበር። የጠየቃቸው ግን ስለ ራምቦ ነው። እኒያ አዛውንት የከተማዋን መከራ ሁሉ ያዩ ሰው ነበሩ፤ እንግዳው የፈለገው የራሱን ዓለም ሰው ዝና ነው። ጠያቂው ያልጠየቀው ነገር ሳይጻፍ ይቀራል።

ይህን ስንል የውጭ ሰው ሁሉ ራስ ወዳድ ነው ማለታችን አይደለም። መውጫ በር እያለው ያልወጣም አለ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡ። በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች የሚያክም ሆስፒታል አቋቋሙ። መንግሥት ሲለወጥ፣ በአገሩ ውስጥ ለዓመታት ጦርነት ሲካሄድ፣ በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ሥራቸውን አልተዉም። ሬጅናልድ በ1985፣ ካትሪን በ2012 ዓ.ም. አረፉ። አባ እንድርያስም እንዲሁ በፈቃዳቸው የወጡ አይደሉም፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንዲለቁ ተደርገው በ1933 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ አረፉ። እንግዳ ከነዋሪ የሚለየው በፓስፖርቱ ብቻ አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ በሚያደርገውም ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

ንጉሥ ሚካኤል ከሁለት ዓመት በኋላ በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ፍቼ ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ተያዙ። ከዚያ በኋላ የታሰሩት ከሐረር በስተምዕራብ ባለው በጋራ ሙለታ ነው። ሞታቸው የተሰማው በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አገሩን እየወረረ ሳለ ነው። የሻሯቸውም የተሻሩትም ያን ጊዜ አንድ የውጭ ጠላት መጣባቸው። ሰገሌ ላይ የወደቀው ያ ሁሉ ጎበዝ፣ ያ ሁሉ ጠመንጃ፣ ማይጨው ላይ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? ይህን የሚመልስ የለም፤ መጠየቁ ግን ይጠቅማል።

እኛስ ምን እናድርግ?

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። የራሳችንን መከራ ሌላ እንዲጽፍልን ብቻ አንጠብቅ። ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው አሁን መሣሪያው በእጁ ነው። የ1909ኙን ጦርነት በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። የልጅ ልጆቹ ግን አሉ፤ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ያውቃሉ። የ1970ውንና የ1983ቱን በዓይናቸው ያዩ ደግሞ በየመንደራችን አሉ።

ስለዚህ ደብተር እንያዝና እንጠይቅ። ስንጠይቅ አንዱን ወገን ብቻ አንጠይቅ። ወታደር የነበረውንም፣ ሱቅ የዘጋውንም፣ ቤት የቀረችውንም እናት እንጠይቅ። አማራውንም፣ አደሬውንም፣ ኦሮሞውንም፣ ሶማሌውንም እንጠይቅ። ዓመተ ምሕረቱን የማያስታውስ ሽማግሌ ቢሆን «ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልጅዎ ተወልዶ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ ዘመኑ ይገኛል። የሰማነውን እንደሰማነው እንጻፍ፤ አናሳምር፤ አንጨምር። የማያስደስት ነገር ቢሆንም አንደብቅ። ቂም ለመቀስቀስ አይደለም የምንጽፈው፤ ያልተጻፈ በደል ነው ቂም ሆኖ የሚቀመጠው። የተጻፈ በደል ግን ሁለቱም ወገን ቁጭ ብሎ ያነበዋል፤ ይከራከርበታል፤ ምናልባትም ይታረቅበታል።

የቃላት ፍች

ሌጋሲዮን፦ በሌላ አገር ዋና ከተማ የሚቀመጥ የመንግሥት መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት።
ቆንስል፦ በሌላ አገር ከተማ ተቀምጦ የመንግሥቱን ዜጎችና ንግድ የሚጠብቅ ሹም።
ክተት፦ ለዘመቻ ተነሱ የሚል አዋጅ።
ዚያራ፦ ወደ ቅዱስ ሰው መቃብር የሚደረግ ጉብኝት።
ቃለ መሐላ፦ በእግዚአብሔር ስም የሚገባ ቃል ኪዳን።
ባዕድ፦ የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ ሰው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የእርስ በርስ ጦርነት ከሌላ ጦርነት በምን ይለያል? ከንባቡ ሁለት ምሳሌ ስጡ።
2. ራስ ተፈሪ ሕፃን ልጃቸውን ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን የላኩት ለምንድን ነው? ይህ ስለ ጦርነቱ ምን ያስረዳችኋል?
3. በሐረር የነበረው የውጭ ነጋዴና የሐረር ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ልዩነታቸው ምን ነበር?
4. ምስክርን ለመመዘን የተሰጡትን አራት ጥያቄዎች በራሳችሁ አነጋገር ተናገሩ። በቅርቡ የሰማችሁትን አንድ ወሬ ወስዳችሁ በነዚህ ጥያቄዎች መዝኑት።
5. በሠፈራችሁ ከሚገኙ ሽማግሌዎች ወይም አሮጊቶች አንድ ሰው መርጣችሁ፣ ስላዩት ጦርነት ጠይቁና የነገሯችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለነገሯችሁ ሰው አንብቡላቸው፤ ያረሟችሁንም አስተካክሉ።